አቤት የሚል አንድ ሰው

የአያ ተኽላይን ሞት ያረዳኝ ስልክ እኔን ለማርዳት የተደወለ አልነበረም። የደወለው ጋሼ ኢብራሂም ነው፤ ከጅቡቲ ሸራ የሚልክልኝ የአገሬ ልጅ፣ ሽማግሌ ሰው። ሲደውል ሁሌ ከጤና ጀምሮ በልጆች አልፎ ዝናቡን ጠይቆ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። የዚያን ቀን ግን «ሰዓዳ፣ እህቱ ስልክ አታነሳም! ምን ሆና ነው የማታነሳው?» ብሎ ጀመረ። የማን እህት? አልኩት። «የተኽላይ ነዋ! የማን ትሆናለች!» ብሎ ጮኸብኝና ድምፁ ተሰብሮ አለቀሰ። ሽማግሌ በስልክ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አላህ አያሰማችሁ። ገመድ የምቆርጥበትን መቀስ እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አያ ተኽላይ የሱቅ ጎረቤቴ ነበር። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ የኔንና የሱን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ እላለሁ። እኔ ሸራ፣ ገመድና ላስቲክ እሸጣለሁ፤ እሱ ስልክ ይጠግን ነበር። ወሎየ ነኝ፣ ባሌን ተከትዬ ለንግድ መጥቼ እዚሁ መቀሌ ቀረሁ። ትግርኛዬ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ ለጠብ ግን አይበቃም፤ ስለዚህ ከአያ ተኽላይ ጋር የምንጣላው በአማርኛ ነበር። እሱ አማርኛውን የተማረው በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ነው። «ዐ»ን ከጉሮሮው ሥር ያወጣታል። ሲሳደብ ደግሞ አማርኛው ከኔም ይበልጥ ይጠራለታል።

እንዲያ ያለ ምላስ አይቼ አላውቅም፣ ወላሂ። ልጅቷ መስታወቱ የረገፈ ስልኳን ይዛ ትመጣለች። አገላብጦ ያየዋል፣ ፊቱን ያጨፈግጋል፣ ከዚያ «ማን ይደውልልኛል ብለሽ ነው የምታሠሪው?» ይላታል። አንዱ ጎረምሳ «እጮኛዬ ናት የምትደውልልኝ» ቢለው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታዲያ ሳይሠራ ይቅር፤ አላነሳልኝም ብላ ሌላ ታግባ» አለው። የእጁ ነገር ግን ለጉድ ነበር። ሌላው ሁሉ «ይሄማ ሞቷል» ያለውን ስልክ ያስነሳዋል። ገበያው እየተሰደበም ቢሆን ይመጣል፤ ተሰድቦ፣ ስልኩን አሠርቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

«ባሕረኛው» ይሉታል። ባሕር የሌለው አገር ባሕረኛ እያሉ ይቀልዱበታል፣ እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከኔ ጋር የተግባባነው በሸራ ነው። አንድ ቀን ቆርቆሮውን አንኳኩቶ «አንቺ ወሎየ፣ አንቺ ሸራ ትሸጫለሽ፣ እኔ ሸራ እወጥራለሁ፣ ዘመዳሞች ነን» አለኝ። «የኔ ሸራ ለዝናብ ነው» አልኩት። «የኔ ለነፋስ» አለኝ። ጋሼ ኢብራሂምን ያገናኘኝም እሱ ነው። ሁለቱ አንድ መርከብ ላይ ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ መርከቦቹ ተበታትነው ኢብራሂም ጅቡቲ ቀረ፣ ተኽላይ ወደ አገሩ ወደ መቀሌ መጣ። ባሕሩን ግን አልተወውም። ትንሽ ገንዘብ ሲያጠራቅም ጅቡቲ ይወርዳል፣ በኢብራሂም አሮጌ የሸራ ጀልባ ሲዞር ይሰነብታል፣ ከዚያ ፊቱ ከስሎ፣ ምላሱ ተስሎ ይመለሳል።

ስልክ ተቋርጦ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ ያደረገውን ልንገራችሁ። ባንክ የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ስልክ የለ። እሱ ግን ሱቁን አልዘጋም። ሰው ስልኩን በሱ ሶላር እየሞላ ፎቶ ያይ ነበር። አንድ አዛውንት ከዓዲ ሓቂ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። «ዛሬስ ይገባል?» ብለው ስልኩን ይሰጡታል። ሰው ሁሉ «ነገ ይከፈታል አሉ አባባ» እያለ ይሸኛቸዋል። አያ ተኽላይ ግን ቁጥሯን ደውሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፈውና «ስሙት» አላቸው። «ዝም ነው የሚለው አይደል? ነገም ይኸው ነው። ከነገ ወዲያም ይኸው ነው። አይምጡ።» ሽማግሌው ስልኩን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ሄዱ። ተመልሰውም አልመጡ።

ቆርቆሮውን በጫማዬ ደብድቤ «አንተ ጨካኝ! ምን ነበረበት ነገ ብትላቸው?» አልኩት። «ነገ ብላቸው ነገ ይመጣሉ» አለኝ፣ ከያዘው ሥራ ቀና ሳይል። «ጉልበታቸውን አላየሽም? በባዶ ሆድ ከዓዲ ሓቂ ነው የሚመጡት። አንዱን ቀን መንገድ ላይ ወድቀው ይቀሩ ነበር።» ልክ ነው ልበል? አንጀቴ እስከ ዛሬ እምቢ ይለኛል። የሱ ነገር ሁሌ እንዲህ ነው፤ ቢላዋውን ሰክቶብህ ሲያበቃ ለምን እንደወጋህ ያስረዳሃል፣ አንተም ደምህ እየፈሰሰ «እውነቱን ነው» ትላለህ።

ይህን ጭካኔ ከየት እንዳመጣው የገባኝ ኋላ ነው። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ከሱቁ አባሮት እኔ ጋ ተጠልሎ ነበር። በባሕር ኃይል ሳለ በነበረው ጦርነት መርከባቸው ተመታ፤ እሱ ነው የነገረኝ። እሱና ግርማ የሚባል ጓደኛው አንድ ጣውላ ይዘው ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ዋሉ። መርከብ በሩቅ ባለፈ ቁጥር ግርማ እጁን እያወናጨፈ «አቤት! አቤት!» ይላል። መርከቡ ያልፋል። ሌላ ይመጣል፣ ግርማ ይጮኻል፣ ያልፋል። «በጩኸት ጉልበቱን ጨረሰ» አለኝ። «እኔ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ጣውላዬን ያዝኩ። አመሻሽ ላይ ዓሣ አጥማጆች በጀልባቸው እላዬ ላይ ሊወጡ ሲሉ አገኙኝ፤ እሱ ያኔ የለም።» እኔም ላጽናናው ብዬ «ስለጮኸ አይደለም፣ አላህ ጠርቶት ነው» አልኩት። «አላህ ቢጠራውማ እሱ አቤት ብሎ ይሄድ ነበር» አለኝ። «ሲጣራ የነበረው እሱ ነው። አቤት የሚለው አጣ እንጂ።»

ከዚያ የእህቱ ልጅ ሄደ። እህቱ አደይ ለምለም ትባላለች፣ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ሃፍቶም የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት። ያ መከረኛ ጊዜ አልፎ ስልክ እንደተከፈተ ሃፍቶም ከጓደኞቹ ጋር ጠፋ። ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ወደብ ድረስ ወርዶ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ነበር። ጀልባዋ ተገልብጣለች የሚል ወሬ መጣ። ከወሬው በኋላ ደግሞ ስልክ መጣ፤ «ልጅሽ እኛ ጋ ነው፣ ገንዘብ ላኪ።» አደይ ለምለም እዚሁ ቀዳማይ ወያነ የነበራትን ቤት ሸጣ ላከች። ከከተማው ዳር፣ ዓይናለም፣ አንዲት ክፍል ተከራየች። ስልኩ ግን አልቆመም፤ አሁንም ላኪ።

አንድ ቀን ስልኳ እየጮኸ እየሮጠች ወንድሟ ሱቅ መጣች። አነሳችው። የሚደበደብ ሰው ጩኸት ነው፣ ቆርቆሮውን አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። ምኑን ልንገራችሁ፣ አይጣል ነው። ዘልዬ ሄድኩ። አያ ተኽላይ ስልኩን ከእጇ መንጭቆ ጆሮው ላይ አደረገና ለረጅም ጊዜ ሰማ። ከዚያ ዘጋው። «የሃፍቶም ድምፅ አይደለም» አላት። «የሱ ነው! ልጄን አላውቅም? የሱ ነው ሓወይ!» ብላ ደረቱን በቡጢ ትደበድበዋለች፤ ሓወይ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። እሱ ግን እንደ ግንድ ቆሟል። «ለምለም፣ ልጅሽ ባሕር ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ልጅ እየገረፉ ጩኸቱን ላንቺ ይሸጡልሻል» አላት። እንዲህ ፍርጥ አድርጎ። እኔ ነኝ ይዤ ያስቀመጥኳት።

እሷን ውኃ ሳጠጣ እሱ ስልኩን ሲነካካ ቆየ። ሰጣትና «ያንን ቁጥር አጥፍቼዋለሁ። ሌላ ሰው ከደወለ ይገባል» አላት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለገበያው ሰባኪ ሆነ። «የውጭ ቁጥር ካያችሁ አታንሱ! ሌባ ነው፣ ወይ አሳዛኝ ነው፣ ለሁለቱም መድኃኒት የላችሁም» ይላል። ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ ስልኩን ተቀብሎ፣ በ251 ከሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር ሌላ እንዳይገባ አድርጎ ይዘጋለታል። ልጁ ለተሰደደበት ሁሉ ይህ ጥሪ ይመጣ ስለነበር ብዙ ሰው አዘጋ። እኔንም «አምጪ» አለኝ። «የኔን ስልክ እንዳትነካ! ዕቃዬ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው» ብዬ መቀሱን አነሳሁበት።

አደይ ለምለም ግን ስልክ ጠባቂ ሆነች። ያንን አሮጌ ስልክ በገመድ አንጠልጥላ ደረቷ ላይ አሰረችው፤ ገመዱን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ብቻ ድምፁን ትቀንሳለች፣ ስትሳለም በእጇ ትይዘዋለች። አዲስ ስልክ ልግዛልሽ ብላት «ሃፍቶም ሲደውል ይኼንን ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ቁጥሩ አይቀየርም ብዬ ባስረዳትም እምቢ። ከውጭ አንድም ጥሪ አልመጣም። ቀማኞቹም ዝም አሉ። እሷ ዝምታውን ተርጉማዋለች፤ «ገንዘብ ስላልላክሁ ገደሉት» ትለኛለች፣ እንደገና ደግሞ «አልገደሉትም፣ ይደውላል» ትለኛለች። ባትሪው ሲደክም ወንድሟ ጋ ታመጣዋለች፣ እሱም አዲስ ባትሪ አስገብቶ ቀና ሳይል ይሰጣታል።

ባለፈው ዓመት አያ ተኽላይ ብቻውን በሸራ ጀልባ ልሄድ ነው አለ። ከታጁራ ተነስቶ ኦቦክን አልፎ፣ ሃፍቶም የተሻገረበትን መስመር አይቶ ሊመለስ። «ምን ልታይ? ውኃ ምልክት ይይዛል?» አልኩት። «ሰው የሌለበት ቦታ ልሂድ፣ ሰው ሰልችቶኛል» አለኝ። ውሸቱን ነው፤ ልጁን ፍለጋ ነው የሚሄድ። ልጁ መሞቱን ለእናቱ በአፉ የነገረ ሰው፣ ሞቱን ራሱ ሊያምን አልቻለም። ይህን ብነግረው ይሰድበኝ ነበር።

ጋሼ ኢብራሂም ያለ አደጋ ጥሪ መሣሪያ ጀልባዬን አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። ሰው ባሕር ላይ ሲወድቅ የሚጫነው፣ ከሳሙና የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ያለህበትን ቦታ ይዞ ይጮህልሃል። እኔ «ጯሂው» አልኩት፣ ስሙ በዚያው ጸና። ኢብራሂም ሦስት ዓይነት ፎቶ አንስቶ ላከ። አያ ተኽላይ የኔ የሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ሚስት እንደሚመርጥ ሰው አገላብጦ ያያቸው ጀመር።

«ይሄኛው አካባቢው ላለ መርከብ ሁሉ ይጮኻል» አለኝ። «እዚህ ጋ ሰው ውኃ ውስጥ ነው ብሎ መርከቡ ካርታ ላይ ይታያል።»

«በቃ ይሄ ነዋ! የሚደርስልህ ቅርብ ያለው አይደል?»

«መርከብ ሲያልፍ አይቻለሁ» አለ። ግርማ ትዝ አለኝ።

«ይሄኛው ወደ ሰማይ ይጮኻል። ሳተላይቱ ተቀብሎ መሣሪያው ለተመዘገበበት መንግሥት ይነግራል። የወር ክፍያ የለው፣ ባትሪው ለዓመታት ይቆያል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።»

«ይሄማ ወርቅ ነው!»

«እኔን የትኛው መንግሥት ይመዝግበኝ? መቀሌ ላይ የባሕር ጠባቂ አይተሻል?» አለና ሳቀ። የሱ ሳቅ ደግሞ ከስድቡ ይከፋል። ኢብራሂም በድምፅ መልእክት «አንተ ደረቅ፣ መንግሥትህን ምን አደረግከው፣ ለማንም ይድረስ ብቻ! ሁለቱንም ያዝ!» እያለ ይጮኻል። «ሁለት ጯሂ ይዤ ገበያ ልሆን ነው?» ብሎ መልእክቱን ዘጋው።

ሦስተኛውን መረጠ። እሱ ወደ ሰማይ ጮኾ የሚደርሰው ሌት ተቀን ሰው የማይለየው አንድ የጥሪ ጣቢያ ነው። ጣቢያው መጀመሪያ አንተ ጋ ይደውላል፤ አንተን ካጣ አንተ መርጠህ የሰጠኸው ሰው ጋ ይደውላል። እውነት ባሕር ላይ ነው? ጀልባው ምን ይመስላል? ወዴት ነበር የሚሄደው? ብሎ ጠይቆ የቅርቡን ጠባቂ ያስነሳል። አያ ተኽላይ ይህን ወደደው። «አቤት የሚል ሰው አለው» አለኝ። «ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አቤት ሊል ይጠብቃል።»

«ቆይ፣ ሰው ሰልችቶኛል ብለህ አልነበር?» አልኩት። «ሰውን ጠልተህ ልትሄድ፣ ታዲያ ማንን ልትጠራ ነው?»

ይህን ስለው ስልኩን እያሻሸ ቆየ። አንድ ስም ነው የሚፈለገው። ያን ሁሉ ሰው እድሜ ልኩን ሲሰድብ ኖሮ አሁን አንዱን መምረጥ አለበት። «የኔን ስጥ» አልኩት። «አንቺ? አንቺ ‹ስንት ሜትር ልቁረጥልህ› እያልሽ እኔ እሰምጣለሁ» አለኝ። ኢብራሂምስ? «እሱ ጆሮው አይሰማም፣ ስልኩንም መስጊድ ይረሳዋል።» ከዚያ ፊቱ በራ፤ በሕይወቴ አንዴ ነው እንደዚያ ሲበራ ያየሁት። «ለምለም!» አለ። «ከለምለም በላይ ስልክ የሚጠብቅ ሰው በመቀሌ አለ? ስልኩ ደረቷ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሲጮህ ታነሳዋለች።»

እኔም ልክ ነው አልኩ። ማን አይል!

ከዚያ ጉድ አየን። ጯሂው እስኪገዛ ድረስ መጠኑን የሚያህል የልብስ ሳሙና በኔ ገመድ ደረቱ ላይ አስሮ ገበያውን ይዞረው ጀመር። ከጀልባው ጋር አይታሰርም ይላል፤ «እኔ ሳልኖር ጀልባው ቢገኝ ለማን ይጠቅማል?» በቀኝ እጁ ይደርስበት እንደሆነ ይሞክራል፣ በግራው ይሞክራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክራል። ሴቶቹ «ባሕረኛው፣ ዛሬ ሳሙናው ምን አለህ?» ይሉታል። «እጠቢ አለኝ» ይላቸዋል። የጀልባው ሸራ ተቀዶ ነበርና ለመለወጫ ከኔ ሱቅ ወሰደ። ሰማያዊውን ሊያነሳ ሲል እጁን መትቼ ብርቱካንማውን ሰጠሁት፤ ሰማያዊ ባሕር ላይ በምን ይለያል?

አደይ ለምለምን ሱቁ አስጠርቶ እንደ ተማሪ አስጠናት። «ከውጭ አገር ይደወልልሻል። አስተርጓሚ ይኖራል፣ አትደንግጪ። ምን ትያለሽ?» እሷም እጇን አጣምራ ትደግማለች፤ «ወንድሜ ባሕር ላይ ነው። ጀልባው ነጭ ነው። ሸራው ብርቱካን ነው። ወደ ኦቦክ ነው የሄደ።» «ድገሚው።» ትደግማለች። ስትሳሳት ይቆጣታል። አንድ ቀን መሐል ላይ አቁማ «ሓወይ፣ እዚያ ድረስ ከሄድክ ሃፍቶምን…» ብላ ጀመረች። «ድገሚው አልኩሽ!» አላት። ደገመችው።

ጅቡቲ ወርዶ ጯሂውን እንደተቀበለ ያደረገውን ስሙ። ሞክሮ ሳያይ የሚያምን ሰው አይደለምና ገና ወደቡ ላይ፣ እግሩ መሬት እንደረገጠ ተጫነው። ጣቢያው ደወለለት። ስልኩ እጁ ላይ ነበርና አነሳው። ተቆጡት፤ «ይህ መጫወቻ አይደለም። ከእንግዲህ ብትጫን፣ የሰጠኸን ሰው ጋ ደውለን እውነት መሆኑን ሳናረጋግጥ ማንንም አናስነሳም» አሉት። እሱ ምን ገዶት! በደስታ ደወለልኝ። «ወሎየ! አቤት አሉኝ! ወዲያው አቤት አሉኝ!» ይላል። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። በነጋታው ሸራውን ወጥሮ ሄደ። የመጨረሻ ወሬያችን ይኸው ነበር።

የቀረውን ጋሼ ኢብራሂም እያለቀሰ ነገረኝ። ነፋስ ተነሳ፣ ጀልባው ተገለበጠ። አያ ተኽላይ ጯሂውን ተጫነው፤ እጁ በደንብ ደርሶበታል። ጣቢያው ሰማ። የሱ ስልክ ውኃ ገብቶታል። አደይ ለምለም ጋ ደወሉ፣ አይገባም። ደግመው ደወሉ፣ አይገባም። ሰውየው ከዚህ ቀደም ያለ አደጋ የተጫነ ነው፣ የሚያረጋግጥ የለም፤ እየደጋገሙ ሲደውሉ ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ ወደቡ ላይ ኢብራሂምን አፈላልገው አገኙትና ጀልባ ወጣ። በመንሳፈፊያ ጃኬቱ ተንሳፍፎ አገኙት፣ ሞቷል። «ሲያገኙት ጯሂው ገና ብልጭ ብልጭ ይል ነበር» አለኝ ኢብራሂም። «ሰዓዳ፣ ስልኩ ደረቷ ላይ ነው እያለ ሲምልላት ነበር እኮ! ምን ሆና ነው ያላነሳችው?» እዚያው ጅቡቲ ቀበሩት።

መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነውና በማግስቱ የገበያው ሰዎች ተሰብስበን ዓይናለም ወረድን። አደይ ለምለም በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ያሰበችው ወንድሟን አልነበረም። «ሃፍቶም?» አለች። ተኽላይ ነው አሏት። «ዋይ ኣነ!» ብላ ደረቷን ስትመታ ስልኩን ነው የምትመታው።

ጥቂት ከረጋች በኋላ የኔ ስልክ ጮኸ። ኢብራሂም ነው፣ ሊያጽናናት። በድምፅ ማጉያው ለቀቅሁት። ሽማግሌው ግን ሐዘንና ንዴት ተደባልቆበት «እህቴ፣ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብታነሺው?» አላት።

«ምኑን?» አለች።

«ስልኩን! ስንቴ ደወሉልሽ!»

«እኔን? ማንም አልደወለም። እግዚአብሔርን! ስልኬ ይኸው፣ ከደረቴ ወርዶ አያውቅም።»

የኔ ነገር፣ ይለይለት አልኩና «ጋሼ፣ አሁን በሷ ስልክ ደውል» አልኩት። ዘጋ። ስልኳን ከአንገቷ አውልቃ መሐላችን ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ቤት ሙሉ ሰው አንድ ስልክ ከብቦ ያያል። ስልኩ ዝም። ብርሃን እንኳ አላበራም። የኔ ስልክ እንደገና ጮኸ፤ «ይኸው ደወልኩ፣ አይገባም» አለ ኢብራሂም።

ካሕሳይ የሚባል ሌላ ስልክ ጠጋኝ አብሮን ነበር። ስልኩን አንስቶ ትንሽ እንደነካካው ፊቱ ተለወጠ። «አደይ፣ ይህ ተዘግቷል» አለ። «ከአገር ውስጥ በቀር ምንም አይገባበትም። ከተዘጋ ዓመታት ሆኖታል።» ማን ዘጋው ብሎ የጠየቀ የለም። ግማሹ ለቀስተኛ ያው እጅ የዘጋውን ስልክ በኪሱ ይዟል። ያንን ቁጥር አጠፋሁት ብሏት ነበር፤ ውሸቱን ነው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሁሉ ነው ያጠፋው። ስንቱን ስልክ እንዲያ ሲያደርግ ኖሮ የእህቱን ረሳው። በገዛ እጁ ጆሮዋን ደፍኖ፣ ከሰው ሁሉ እሷን መርጦ፣ አቤት ትለኛለች ብሎ ሄደ። አያ ተኽላይ፣ አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔ ግን ያን ጠዋት ብትኖር በጥፊ እልህ ነበር!

አደይ ለምለም አላለቀሰችም። «ወንድሜ ባሕር ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጀልባው ነጭ ነው። ሸራው ብርቱካን ነው። ተኽላይ፣ አጥንቼው ነበር እኮ።» ከዚያ ቀና ብላ ካሕሳይን አየችው። «ወደይ» አለችው፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ከተዘጋ ዓመታት ከሆነው፣ ሃፍቶምም ደውሎ ይሆናል?»

የለቀስተኛው ሴቶች ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ካሕሳይ የተዘጋውን ስልክ ከፍቶ በሁለት እጁ ሰጣት፣ እሷም አንገቷ ላይ መልሳ አሰረችው።

አሁን ይጮኻል፣ ከየአገሩ። ሽልማት ደርሶሻል የሚል አለ፣ የማይገባን ቋንቋ የሚያወራ አለ። ሁሉንም ታነሳለች። ባለፈው ሳምንት ስኳርና ዘይት ይዤላት ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ጮኸ። የወጣት ድምፅ ነው፤ «እናቴ፣ እኔ ነኝ፣ ታስሬያለሁ፣ ብር ላኪልኝ» ይላል። ስሙን እንኳ አይናገርም፤ ለስንቷ እናት ያለው ቃል እንደሆነ ያስታውቃል። «አቤት ልጄ» አለችው። «አቤት፣ እየሰማሁህ ነው። በልተሃል?» ልጁ ይህን አልጠበቀም፣ ስልኩን ዘጋ።

«አደይ ለምለም፣ ሌባ እኮ ነው» አልኳት።

«የሱ ድምፅ አይደለም፣ አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን እናቴ እያለኝ ዝም ልበለው?»